ጥሩምባ፡- ከአዋጅ መንገሪያነት እስከ ዜማ

ንጋት ላይ፣ ሰፈሩ ገና ከእንቅልፉ ሳይነቃ፣ የዕድር ጥሩምባ ሲነፋ ሰምቶ ከአልጋው ቀና ያላለ የከተማ ሰው ጥቂት ነው፡፡ ጥሩምባ ነፊው አንድ ሁለት ጊዜ ረዘም አድርጎ ይነፋና የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ ተናግሮ ወደሚቀጥለው መንደር ያልፋል፡፡ ሰሚውም ስሙ እስኪጠራ ድረስ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል፡፡ ያቺ መሣሪያ ዜማ አታወጣም፤ ዜማ እንድታወጣም የሚጠብቅባት የለም፡፡ ሥራዋ «ስሙ!» ማለት ብቻ ነው፡፡

በሙዚቃ መድረክ ላይ የምናየውና ሙዚቀኞች ትራምፔት የሚሉት፣ በጣት የሚጫኑ ሦስት ቫልቮች ያሉት አንጸባራቂ መሣሪያ የዚህችው የዕድር ጥሩምባ የቅርብ ዘመድ ነው፡፡ የጥሩምባ ታሪክ ከ3 ሺህ ዓመታት በላይ ያስቆጠረ ሲሆን፣ ከዚህ ረጅም ዕድሜው ውስጥ እጅግ የሚበዛውን ያሳለፈው ሠራዊት ሲጠራ፣ ንጉሥ መምጣቱን ሲያበስርና ሞት ሲያረዳ ነው፡፡ ማንኛውንም ዜማ እንደ ሰው ድምፅ መዝፈን የቻለው ግን ገና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፡፡ ለመሆኑ ይህን ያህል ዘመን ለምን ፈጀ? ማንስ ለወጠው? ወደ ሀገራችን የሙዚቃ መድረክስ እንዴት ገባ?

ድምፁ ከየት ይመጣል?

ብዙ ሰው ትራምፔት ውስጡ አየር ስለገባ ብቻ የሚጮህ ይመስለዋል፡፡ እውነቱ ግን ሌላ ነው፡፡ ነፊው ከንፈሮቹን ገጥሞ፣ ማውዝፒስ በሚባለው ትንሽ ጽዋ መሰል መንፊያ ላይ አስደግፎ አየር ሲገፋ ከንፈሮቹ ይርገበገባሉ፡፡ ይህ መርገብገብ በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ያንቀጠቅጠዋል፤ በሌላው ጫፍ ያለው እንደ ደወል የሰፋ አፍ ደግሞ ድምፁን ወደ ውጭ ያሰራጨዋል፡፡ ስለዚህ የድምፁ መነሻ ብረቱ ሳይሆን የሰው ከንፈር ነው፡፡ ከቀንድ፣ ከቀርከሃ፣ ከባሕር ዛጎል፣ ከብር ወይም ከነሐስ የተሠሩ መንፊያዎች ሁሉ በአንድ ቤተሰብ የሚመደቡትም በዚህ ምክንያት ነው፡፡

ይሁንና ርዝመቱ የማይለወጥ አንድ ቱቦ የተፈለገውን ድምፅ ሁሉ አያወጣም፡፡ ለምሳሌ የቱቦው ዝቅተኛ ድምፅ በሰከንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ ቢሆን፣ ነፊው ከንፈሩን እያጠበቀ ሲሄድ የሚያገኛቸው 200፣ 300፣ 400፣ 500 እያሉ የሚቀጥሉትን ብቻ ነው፡፡ በመካከላቸው ያሉት አይገኙም፡፡ ነገሩ በመሰላል ይመሰላል፡፡ የታችኞቹ እርከኖች በጣም የተራራቁ ስለሆኑ በእነርሱ ዜማ መሥራት አይቻልም፤ ጥሪ ብቻ ነው የሚወጣው፡፡ ከስምንተኛው እርከን በላይ ግን ድምፆቹ እየተቀራረቡ ይመጣሉ፡፡ እዚያ ከፍታ ላይ ለመድረስና ለመቆየት ደግሞ ብርቱ ከንፈር፣ ብርቱ ሳንባና የዓመታት ልምምድ ይጠይቃል፡፡

አንባቢ ይህን አንድ ነጥብ ከያዘ የጥሩምባን ታሪክ በሙሉ ለመረዳት አይቸገርም፡፡ በዕድር ጥሩምባ ትዝታን ወይም አንቺ ሆዬን መጫወት የማይቻለው መሣሪያዋ ርካሽ ስለሆነች አይደለም፡፡ ለዜማው የሚያስፈልጉት ድምፆች በቱቦዋ ውስጥ ስለማይገኙ ነው፡፡

ከፈርዖን መቃብር የወጡት ሁለቱ መለከቶች

እንግሊዛዊው የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ሃዋርድ ካርተር እ.ኤ.አ በ1922 የፈርዖን ቱታንካሙንን መቃብር ባገኘ ጊዜ፣ ከወርቁና ከዕንቁው መካከል ሁለት ቀጥ ያሉ መለከቶች ተገኝተዋል፡፡ አንደኛው ከብር፣ ሁለተኛው ከመዳብ ቅይጥ የተሠሩ ናቸው፡፡ የብሩ ርዝመት 58 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን የሌላው 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፡፡ ወጣቱ ፈርዖን የሞተው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1323 ገደማ እንደሆነ ስለሚገመት፣ መለከቶቹ ከ3 ሺህ 300 ዓመታት በላይ ዕድሜ አላቸው ማለት ነው፡፡

እ.ኤ.አ በ1939 የእንግሊዝ ማሠራጫ ድርጅት ቢቢሲ ከካይሮ ሙዚየም ባስተላለፈው ፕሮግራም አንድ የእንግሊዝ ጦር ሙዚቀኛ ሁለቱን መለከቶች ነፋቸው፡፡ ከሦስት ሺህ ዓመታት በላይ በመቃብር ጸጥታ ውስጥ የኖሩት መለከቶች ድምፅ በሬዲዮ ለዓለም ተሰማ፡፡ ከመዳብ ቅይጥ የተሠራው እ.ኤ.አ በ2011 በግብፅ ሕዝባዊ ዓመፅ ወቅት ከሙዚየሙ ተሰርቆ የነበረ ቢሆንም በኋላ ተመልሷል፡፡ በእነዚህ መለከቶች ላይ በቀላሉ የሚገኙት ድምፆች በጣም ጥቂት ናቸው፡፡ ይህም የተሠሩት ለዘፈን ሳይሆን ለምልክት መስጫ መሆኑን ያስረዳል፡፡

መጽሐፍ ቅዱስም ይህንኑ አገልግሎት ይመሰክራል፡፡ በኦሪት ዘኍልቁ ምዕራፍ 10 ሙሴ ሁለት የብር መለከቶችን እንዲያሠራ ታዟል፡፡ ሁለቱም ሲነፉ ማኅበሩ ሁሉ ይሰበሰባል፤ አንዱ ብቻ ሲነፋ ግን አለቆቹ ብቻ ይመጣሉ፡፡ ሰፈሩ የሚነሳውም፣ ለጦርነት የሚወጣውም በመለከት ነበር፡፡ በኢያሱ ምዕራፍ 6 ኢያሪኮ በተከበበች ጊዜ የተነፋው ግን ከብረት ሳይሆን ከቀንድ የተሠራ ነው፡፡

በግሪክም ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ396 ጀምሮ መለከት ነፊዎች በኦሎምፒክ ውድድር ላይ ይፎካከሩ ነበር፡፡ የሮማ ሠራዊት ደግሞ ቱባ የሚባል 1 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ የነሐስ መለከት ነበረው፤ ዛሬ ቱባ ከሚባለው ግዙፍ መሣሪያ ጋር በስም ብቻ ነው የሚገናኙት፡፡ ወታደሩ ወደፊት የሚሄደውም የሚያፈገፍገውም ይህ መለከት ሲነፋ ነበር፡፡ አቧራና ጩኸት በሞላበት የጦር ሜዳ የአዛዡ አፍ ከማይደርስበት ቦታ የመለከት ድምፅ ይደርሳልና፡፡

የነገሥታት ንብረት

እ.ኤ.አ ከ1400 ገደማ ጀምሮ የአውሮፓ አንጥረኞች የብረት ቱቦን ሳይጨማደድ ማጠፍ ቻሉ፡፡ በዚህም ሁለት ሜትር ያህል የሚረዝመው ቀጥ ያለ መለከት ተጠቅልሎ በአንድ እጅ የሚያዝና ፈረስ ላይ ሆኖ የሚነፋ መሣሪያ ሆነ፡፡ ዛሬ የምናውቀው የትራምፔት ቅርፅ መሠረቱ የተጣለው ያኔ ነው፡፡ የጀርመኗ ኑረምበርግ ከተማ በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ ሙያ የታወቀች ነበረች፡፡

መሣሪያው ቢለወጥም ባለቤቱ አልተለወጠም፡፡ መለከት የቤተ መንግሥትና የጦር ሠራዊት ነበር፡፡ እ.ኤ.አ በ1623 የቅድስት ሮማ ንጉሠ ነገሥት ፈርዲናንድ 2ኛ ለመለከት ነፊዎችና ለከበሮ መቺዎች ማኅበር ልዩ መብት ሰጡ፡፡ በዚህ መብት መሠረት ማኅበርተኛ ያልሆነ ሰው በሙያው እንዳይሠራ ይከለከል ነበር፡፡ ሙያውን ለመማር የፈለገ ወጣት በአስተማሪ ሥር ለዓመታት ያገለግላል፤ ምስጢሩም ከማኅበሩ አይወጣም፡፡ ተራው ሰው መለከት ይሰማል እንጂ አይነፋም፡፡

የከተማ ጠባቂዎችም መለከት ነበራቸው፡፡ በፖላንድ ክራኮቭ ከተማ ከቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ማማ ላይ በየሰዓቱ ጥሪ የሚነፋ ሲሆን፣ ዜማው መሐል ላይ በድንገት ይቋረጣል፡፡ አፈ ታሪኩ እንደሚለው እ.ኤ.አ በ1241 የታታር ጦር ሲመጣ አይቶ ሕዝቡን ያስጠነቅቅ የነበረ ነፊ ጉሮሮው በቀስት ስለተወጋ ነው፡፡

በሀገራችንም ሁኔታው ተመሳሳይ ነበር፡፡ ከቀርከሃ ተሠርቶ በቆዳ የሚለበጠው ረጅሙ መለከት ከእምቢልታና ከነጋሪት ጋር የነገሥታትና የታላላቅ መኳንንት የክብር ምልክት ነበር፡፡ ነጋሪት ሲጎሰም፣ መለከት ሲነፋ ሕዝቡ ትልቅ ሰው መምጣቱን ወይም አዋጅ መኖሩን ያውቃል፡፡ ከግብፅ እስከ ጀርመን፣ ከሮማ እስከ ጎንደር ጥሩምባ የሥልጣን ድምፅ ነበር ማለት ይቻላል፡፡

ከመሰላሉ ጫፍ ላይ የተገኘው ዜማ

በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መለከት ከጦር ሜዳና ከአደባባይ ወደ ሙዚቃ አዳራሽ መግባት ጀመረ፡፡ ጣሊያናዊው ክላውዲዮ ሞንቴቨርዲ እ.ኤ.አ በ1607 ያቀረበው «ኦርፌዎ» የተሰኘ ኦፔራ የሚከፈተው በመለከት ነው፡፡ ጂሮላሞ ፋንቲኒ ደግሞ እ.ኤ.አ በ1638 ለመለከት የተዘጋጀ የማስተማሪያ መጽሐፍ አሳተመ፡፡

ቫልቭ በሌለበት በዚያ ዘመን ዜማ እንዴት ተገኘ ቢሉ መልሱ ከላይ የጠቀስነው መሰላል ነው፡፡ ነፊዎቹ ድምፆቹ የሚቀራረቡበትን ላይኛውን ጫፍ በልምምድ ወረሱት፡፡ ክላሪኖ የሚባለው ይህ አነፋፈስ የተደነቀውን ያህል አድካሚም ነበር፡፡ ዮሐን ሴባስቲያን ባህ እ.ኤ.አ በ1721 ካቀረባቸው የብራንደንቡርግ ኮንቼርቶዎች መካከል 2ኛው እስከ ዛሬ ድረስ ለትራምፔት ተጫዋቾች ከባድ ፈተና ነው፡፡

በላይፕዚግ ከተማ ለባህ ይነፋ የነበረው ጎትፍሪድ ራይኸ በዘመኑ ከታወቁት አንዱ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ በጥቅምት 1734 ለንጉሡ ክብር በምሽት በተዘጋጀ ትርዒት ላይ የባህን ከባድ ድርሰት ተጫወተ፡፡ በማግስቱም በ67 ዓመቱ ሞተ፡፡ በወቅቱ የተጻፈ ማስታወሻ እንደሚለው የነፋበት ድካምና የችቦዎቹ ጭስ ጎድተውት ነበር፡፡

የጎደሉትን ድምፆች ፍለጋ

ክላሪኖ ነፊዎች እያነሱ ሲሄዱ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ትራምፔት በኦርኬስትራ ውስጥ ከከበሮ ጋር ተጣምሮ ጥቂት ድምፆችን ብቻ የሚያሰማ መሣሪያ ሆኖ ቀረ፡፡ ሙዚቃው በሌላ ቅኝት ሲሆን ነፊው ከቱቦው ላይ አንዱን ቁራጭ አውጥቶ ሌላ ቁራጭ ይሰካ ነበር፡፡ ይህ የመሰላሉን ቁመት ይለውጣል እንጂ የጎደሉትን እርከኖች አይሞላም፤ ጊዜም ይወስዳል፡፡

የቪየናው ነፊ አንቶን ቫይዲንገር በዚህ አልተደሰተም፡፡ በቱቦው ጎን ቀዳዳዎችን አበጅቶ እንደ ክላርኔት በቁልፍ የሚከፈቱና የሚዘጉ አደረጋቸው፡፡ ታዋቂው የሙዚቃ ደራሲ ዮሴፍ ሃይድን እ.ኤ.አ በ1796 ለዚህ መሣሪያ ኮንቼርቶ የጻፈለት ሲሆን፣ ቫይዲንገር እ.ኤ.አ በ1800 ለሕዝብ አቀረበው፡፡ ዮሐን ኔፖሙክ ሁመልም እ.ኤ.አ በ1803 ሌላ ኮንቼርቶ ጻፈለት፡፡ ሁለቱ ድርሰቶች ዛሬም ትራምፔት የሚማር ሁሉ የሚያልፍባቸው ናቸው፡፡ መሣሪያው ግን አልዘለቀም፡፡ ቀዳዳዎቹ ሲከፈቱ የድምፁ ጥራት ስለሚለዋወጥ የጥንቱን ትራምፔት ግርማ አሳጣው፡፡

ትክክለኛው መፍትሔ የተገኘው ከሁለት ብዙም ስማቸው የማይነሳ ጀርመናውያን ነው፡፡ ሃይንሪክ ሽቶልትሰል የሆርን ተጫዋች ሲሆን፣ ፍሪድሪክ ብሉሜል ደግሞ በሲሌዥያ ግዛት በማዕድን ሠራተኞች ባንድ ውስጥ ይጫወት ነበር፡፡ ሁለቱ እ.ኤ.አ በ1818 በፕሩሲያ የጋራ የፈጠራ መብት አገኙ፡፡ የፈጠራው ሐሳብ ቀላል ነው፡፡ ቱቦውን ከመብሳት ይልቅ ማስረዘም ይሻላል፡፡ ቫልቩ ሲጫን አየሩ በተጨማሪ ቱቦ ዞሮ እንዲያልፍ ይገደዳል፤ ሲለቀቅ ወደ ቀድሞው መንገዱ ይመለሳል፡፡ ቁራጭ ቱቦ መንቀልና መሰካት የሚወስደውን ጊዜ ቫልቩ በቅጽበት ጨረሰው፡፡

በዛሬው ትራምፔት ላይ ሁለተኛው ቫልቭ ድምፁን በግማሽ ቶን፣ አንደኛው በአንድ ሙሉ ቶን፣ ሦስተኛው በአንድ ቶን ተኩል ዝቅ ያደርጋሉ፡፡ ሦስቱን በተለያየ መንገድ በማጣመር ሰባት የተለያዩ የቱቦ ርዝመቶች፣ ማለትም ሰባት መሰላሎች ይገኛሉ፡፡ የአንዱ መሰላል ክፍተት በሌላው እርከን ይሞላል፡፡ ፈረንሳዊው ፍራንሷ ፔሪኔ እ.ኤ.አ በ1830ዎቹ መጨረሻ ያሻሻለው የፒስተን ቫልቭ እስካሁን በአብዛኛው ዓለም የሚሠራበት ነው፡፡ በጀርመንና በኦስትሪያ ኦርኬስትራዎች ደግሞ የሚሽከረከር ቫልቭ ይመረጣል፡፡

ከትራምፔት አጠር ያለውና ድምፁ ለስለስ የሚለው ኮርኔትም በዚሁ ዘመን በፈረንሳይ ተወለደ፡፡ ዣን ባፕቲስት አርባን እ.ኤ.አ በ1864 ለኮርኔት ያሳተመው የማስተማሪያ መጽሐፍ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ከትራምፔት ተማሪዎች እጅ አይጠፋም፡፡

«አይዳ» እና የመለከቱ ሰልፍ

እዚህ ላይ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሊዘለል የማይገባ አንድ ታሪክ አለ፡፡ ጁሴፔ ቬርዲ የጻፈው «አይዳ» ኦፔራ እ.ኤ.አ ታኅሣሥ 24 ቀን 1871 በካይሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ፡፡ ባለታሪኳ በግብፅ የተማረከች የኢትዮጵያ ልዕልት ናት፡፡ ቬርዲ ግብፃውያን ኢትዮጵያን ድል አድርገው ሲመለሱ ለሚያሳየው ሰልፍ የጥንት መለከት የሚመስሉ ረጃጅምና ቀጥ ያሉ ትራምፔቶችን በልዩ ትዕዛዝ አሠራ፡፡ ይህ የመለከት ማርሽ ዛሬ በየስታዲየሙና በየምረቃው ይሰማል፡፡

ነገሩን ትኩረት የሚስብ የሚያደርጉት ሁለት ነገሮች ናቸው፡፡ አንደኛው፣ ከ51 ዓመታት በኋላ የፈርዖን መቃብር ሲከፈት እውነተኞቹ የግብፅ መለከቶች እንደ መድረኩ ረጃጅም ሳይሆኑ አጫጭር ሆነው መገኘታቸው ነው፡፡ ሁለተኛው፣ በኦፔራው መድረክ ላይ የተነፋው ድል በሜዳው ላይ አለመደገሙ ነው፡፡ የከዲቭ እስማኤል ጦር በ1868 ዓ.ም በጉንደትና በጉራ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ተሸንፏል፡፡

ጥሩምባው ሰው ሆኖ የተናገረበት ዘመን

ፋብሪካዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነሐስ መሣሪያዎችን በብዛት ማምረት ሲጀምሩ ዋጋቸው ቀነሰ፡፡ የማዕድን ሠራተኛው፣ የእሳት አደጋ ተከላካዩ፣ የከተማው ማኅበር ሁሉ ባንድ አቋቋመ፡፡ በአሜሪካ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የነሐስ መሣሪያ ነፃ በወጡት ጥቁሮች እጅም ገባ፡፡ በኒው ኦርሊንስ ከተማ ቀብር ሲሸኝም ሆነ በዓል ሲከበር ባንዱ ከፊት ይሄዳል፡፡ የጃዝ ሙዚቃ የፈለቀው ከዚህ ነው፡፡ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነው ባዲ ቦልደን ኮርኔት ተጫዋች ነበር፡፡

ሉዊስ አርምስትሮንግ በዚያች ከተማ እ.ኤ.አ በ1901 በድህነት ተወለደ፡፡ በ11 ዓመቱ ለአዲስ ዓመት ሽጉጥ ወደ ሰማይ በመተኮሱ ተይዞ አሳዳጊ የሌላቸው ጥቁር ሕፃናት ወደሚያዙበት ማረፊያ ተላከ፡፡ እዚያ በቅድሚያ ልጆቹን ለሥራና ለምግብ የሚጠራውን ቫልቭ አልባ ጥሩምባ እንዲነፋ ተደረገ፤ ቀጥሎ ኮርኔት ተሰጠው፡፡ መሣሪያው በሦስት ሺህ ዓመታት የተጓዘውን መንገድ ልጁ በወራት ተጓዘው ማለት ነው፡፡ አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ በ1928 የቀረጸው «ዌስት ኤንድ ብሉስ» ያለምንም አጃቢ በትራምፔት ብቻ ይጀምራል፡፡ አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ የልቡን የሚናገርበት ይህ መግቢያ በጃዝ ታሪክ ውስጥ ከፍተኛ ስፍራ ይሰጠዋል፡፡

ከእርሱ በኋላ ዲዚ ጊለስፒ ፍጥነቱን ጨመረበት፡፡ እ.ኤ.አ በ1953 በአንድ ግብዣ ላይ ሰው ወድቆበት የትራምፔቱ አፍ ወደ ላይ ቢጣመም፣ ድምፁን ስለወደደው ከዚያ በኋላ በትዕዛዝ የተጣመመ ያሠራ ነበር፡፡ ማይልስ ዴቪስ ደግሞ በተቃራኒው ድምፅ ማፈኛ እየተጠቀመ ትራምፔትን በሹክሹክታ አናገረው፤ እ.ኤ.አ በ1959 የወጣው «ካይንድ ኦፍ ብሉ» አልበሙ ለዚህ ምስክር ነው፡፡ በክላሲካል ሙዚቃ በኩል በወጣትነቱ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኛ የነበረው ፈረንሳዊው ሞሪስ አንድሬ የባሮክን ዘመን ድርሰቶች በትንሿ ፒኮሎ ትራምፔት እንደገና ሕይወት ዘራባቸው፡፡ ዊንተን ማርሳሊስም በሁለቱም ዘርፎች የግራሚ ሽልማት አግኝቷል፡፡

በኢትዮጵያ

ዘመናዊ የነሐስ መሣሪያዎች ወደ ሀገራችን በስፋት የገቡት ከየካቲት 1888 ዓ.ም የአድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ዛር ኒኮላስ 2ኛ ለአፄ ምኒልክ በላኩት ስጦታ እንደሆነ ይነገራል፡፡ የመጀመሪያዎቹ ማርሽ ባንዶችም የቤተ መንግሥትና የጦር ነበሩ፡፡

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1916 ዓ.ም ነው፡፡ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን በኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም ውስጥ ከእ.ኤ.አ 1915ቱ እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ አርመናውያን ልጆችን አገኙ፡፡ አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አምጥተው የመንግሥት የሙዚቃ ባንድ አቋቋሙባቸው፡፡ «አርባ ልጆች» በመባል የሚታወቁት እነዚህ ናቸው፡፡ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የኢትዮጵያን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱ ሲሆን፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም በተከናወነው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ሥነ ሥርዓት ላይ ተሰምቷል፡፡ አገርም ወላጅም ያጡ ልጆች ያስጠጋቻቸውን አገር መዝሙር በነሐስ መሣሪያ አሰሙ፡፡ አርምስትሮንግ በማረፊያው ውስጥ ኮርኔት ከጨበጠ ገና አሥራ ጥቂት ዓመታት ማለፋቸው ነበር፡፡ የነገሥታት የነበረው መሣሪያ በሁለት የዓለም ጫፎች ምንም በሌላቸው ልጆች እጅ ገባ፡፡

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የምድር ጦር ባንዶች ተጠናከሩ፡፡ የኬቮርክ የወንድም ልጅ የሆኑት ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የሀገራችንን ዜማዎች ለኦርኬስትራ በማዘጋጀት ትልቅ አሻራ ትተዋል፡፡ ወታደሩ ሙዚቀኛ ቀን የሰልፍ ማርሽ ይነፋል፤ ማታ የዘፋኙን ድምፅ በትራምፔት፣ በሳክስፎንና በትሮምቦን ይከተላል፡፡ ከዚህ የተገኘው የ1950ዎቹና የ60ዎቹ ዓ.ም ሙዚቃ የዓለም አድማጭ ዛሬ ድረስ የሚፈልገው ነው፡፡ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ለዘመናት በማሲንቆና በክራር ሲዘፈኑ የኖሩ ቅኝቶች ናቸው፤ በሦስት ቫልቮች ግን በትራምፔትም ተነገሩ፡፡ የዋሊያስ ባንዱ ዮሐንስ ተኮላ በዚህ ረገድ ስማቸው ከሚነሳ ትራምፔት ተጫዋቾች አንዱ ናቸው፡፡

ይህ ዘመን ግን አልዘለቀም፡፡ በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ የምሽት ሙዚቃን ጎዳ፡፡ ቀጥሎም የኤሌክትሪክ ኪቦርድ መጣና አራት አምስት ነፊ ይሠራ የነበረውን አንድ ሰው በጣቶቹ መሥራት ጀመረ፡፡ ለአሳታሚውም ለምሽት ክበቡም ወጪ ቀነሰ፡፡ ኪቦርዱ የትራምፔትን ድምፅ ይቀዳል፤ ነገር ግን ድምፁ የሚነሳው ከከንፈርና ከትንፋሽ ስላልሆነ ነፊው ሲደክም የሚሰማው ሻካራነት፣ ሲያዝን የሚሰማው መንቀጥቀጥ የለውም፡፡ የ1960ዎቹን ቅጂዎች ከ1980ዎቹ ካሴቶች ጋር አስተያይቶ የሚሰማ ሰው ልዩነቱን ለመለየት ባለሙያ መሆን አያስፈልገውም፡፡ የትንፋሽ መሣሪያ በአንድ ትውልድ ከተቋረጠ ደግሞ በመጽሐፍ ብቻ አይመለስም፤ ከነፊ ወደ ነፊ የሚተላለፍ ሙያ ነውና፡፡

መማር ለሚፈልጉ

ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ቢ ፍላት ትራምፔት ሲሆን፣ ቱቦው ቢዘረጋ 1 ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል፡፡ በኦርኬስትራ ውስጥ ሲ ትራምፔት፣ ለከፍተኛ ድምፆች ፒኮሎ፣ ለለስላሳ ዜማ ደግሞ ኮርኔትና ፍሉገልሆርን ያገለግላሉ፡፡ ጀማሪ ከቢ ፍላት ቢነሳ ይመረጣል፡፡

የመጀመሪያው ሥራ ጣት ሳይሆን ከንፈርና ትንፋሽ ነው፡፡ ትንፋሽ ከሆድ በኩል ሞልቶ ይሳባል፤ ከንፈሩ መሐሉ ለቀቅ፣ ዳርና ዳሩ ጠበቅ ይላል፡፡ ከፍተኛ ድምፅ ለማግኘት መንፊያውን በከንፈር ላይ መጫን የጀማሪዎች የተለመደ ስህተት ሲሆን፣ ከንፈርን ያደክማል፣ ይጎዳልም፡፡ በቀን አንድ ጊዜ ረጅም ሰዓት ከመልፋት፣ በየመሐሉ እያረፉ አጭር አጭር ልምምድ ማድረግ ይሻላል፡፡ ቫልቮቹ በየጊዜው ዘይት ይፈልጋሉ፤ መንፊያውም መታጠብ አለበት፡፡ ያገለገለ መሣሪያ የሚገዛ ሰው ቫልቮቹ ሳይንቀረፈፉ መመለሳቸውን፣ ቱቦው አለመሰርጎዱን ማየት አይርሳ፡፡

ሁለቱም ይኖራሉ

ቫልቭ ተፈጠረ ማለት የጥንቱ ጥሪ ቀረ ማለት አይደለም፡፡ በአሜሪካ እ.ኤ.አ በ1862 በእርስ በርስ ጦርነቱ መሐል የተዘጋጀው «ታፕስ» የተሰኘ ጥሪ እስከ ዛሬ በወታደር ቀብር ላይ ይነፋል፡፡ በጠቅላላው 24 ድምፆች ብቻ ያሉት ሲሆን አንድም ቫልቭ አይጠይቅም፡፡ ሰው ሲሞት ብዙ ድምፅ አያስፈልግም፡፡

የእኛም የዕድር ጥሩምባ እንደዚያው ነች፡፡ በአንዳንድ ሰፈሮች ቦታዋን ድምፅ ማጉያና የስልክ መልእክት እየወሰዱባት ነው፡፡ መልእክቱ ፈጣን ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የሚደርሰው ስልክ ቁጥሩ ለተመዘገበ ብቻ ሲሆን፣ ጥሩምባ ግን የተጣላውንም፣ የዕድር ክፍያ ያልከፈለውንም፣ በዕለቱ እንግዳ ሆኖ ያደረውንም እኩል ይቀሰቅሳል፡፡ በመድረክ ላይ ያለው ትራምፔት ኪቦርድ ሊተካው ያልቻለውን የሰው ትንፋሽ ይዟል፤ በሰፈር ውስጥ ያለችው ጥሩምባ ደግሞ ማንንም የማይመርጥ ጥሪ ይዛለች፡፡ አንዱን ለመጠበቅ ነፊ ማስተማር፣ ሌላውን ለመጠበቅ ደግሞ ሲነፋ ተነስቶ ወደ ለቅሶው መሄድ ያስፈልጋል፡፡